ሕክምናው አልቋል ከተባለ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ መሄድ፦ ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

በዚህ የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ አሁን 27 ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚከብደው፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እየተከተልኩ ላስቀምጠው። የማምንበትንም እጨምራለሁ፤ የአባቴ ጉዳይ ስለሆነ ዳር ቆሜ ማውራት አልችልም።

የመጀመሪያው ጽሑፍ

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ፊዚዮቴራፒ አመላለስኳቸው። በዎከር ጀምረው ወደ ምርኩዝ ተሻገሩ፤ አሁን ቤት ውስጥ ያለ ድጋፍ ይሄዳሉ። በመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ፋይላቸውን ከዘጋች በኋላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ክሊኒኩ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰበሰብ የሚዛን ልምምድ ቡድን አለው። የቀድሞ ታካሚዎች ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም አዲስ ለሚገቡት ያግዛሉ። አባቴም እንዲቀጥሉ፣ ቢችሉ ደግሞ እንዲያግዙ ፈለገች። እሳቸው ደስ አላቸው። ታላቅ ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም። ክሊኒክ ታክመው የሚወጡበት እንጂ የሚሰነብቱበት ቦታ አይደለም ባይ ነው። ገና ራሳቸው ያልጸኑ ሰው ሌላውን እደግፋለሁ ብለው አብረው ቢወድቁስ?

ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ቡድን ሕክምና ነው ወይስ መሰባሰቢያ? የታከመ ሰው ሌላ ታካሚ ማገዙ ልክ ነው? ክሊኒክስ ከቀጠሮ ውጭ የአካባቢውን ሰው ማሰባሰብ ሥራው ነው?

ከ1 እስከ 6

1ኛው መልስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። የጻፈችው እናቷን ለተመሳሳይ ስብራት ያመላለሰች ሴት ናት፤ አባቴን መርቃ ጀመረች። እናቷ ክሊኒክ በሚመላለሱበት ጊዜ ልምምዱን አንድ ቀን አላጓደሉም ነበር። ቀጠሮው ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ግን የልምምዱ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ወረቀት ለምን ቀረህ ብሎ ሰው አይጠይቅም፤ የቅዳሜው ቡድን ግን ይጠይቃል። ሴትየዋ የተቆጨችው ለእናቷ እንዲህ ያለ ነገር ስላላገኘች ነው። አባቴን እንዳልከለክል ለመነችኝ።

2ኛው ጸሐፊ ምንም አላለሳለሰም። ክሊኒኩ በር ላይ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛ እያለ፣ ባለሙያ ቅዳሜዋን ለዳኑ ሰዎች መስጠቷ ፍርደ ገምድልነት ነው የሚል አቋም አለው። እሱ ራሱ ለወገቡ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ጠብቋል። ቡድኑንም ከወዳጅነት ስብሰባ ለይቶ አላየውም፤ መጫወት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይጫወት ነው ነገሩ። ብዙ ሰው ተቆጥቶበታል። እኔ ግን የጠበቀ ሰው ንዴት ይገባኛል።

3ኛው መልስ ከሙያው ሰው ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት መሆኑን አስቀድሞ ተናገረ። ለቁጥር 2 በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ቃል፣ የሚዛን ልምምድ ሕክምና መሆኑን አስረዳ። ማስረጃ ብሎ ያመጣው በ2019 የወጣውን የኮክሬን ግምገማ (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ የሚመዝን ሥራ) ነው፤ 108 ጥናቶችን፣ ከ23,000 በላይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ያካተተ ነው። ልምምድ የሠሩት ካልሠሩት ይልቅ መውደቃቸው በ23 ከመቶ ቀንሷል። ወዲያው ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀ። ይህ ውጤት የሚገኘው ሚዛንን በሚፈትን ልምምድ ነው፤ በእግር መንሸራሸር ብቻውን መውደቅን ስለመቀነሱ ግምገማው በርግጠኝነት አልተናገረም። ስለዚህ አባቴ ቅዳሜ ሄደው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ ከዋሉ ቁጥር 2 ትክክል ነው ማለት ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ አባት በ4ኛው ላይ ሚዛንን የሚፈትን ማለት በተግባር ምን እንደሆነ ጠየቁ። እኔም ልጠይቀው የነበረ ነው። በ5ኛው ላይ የሙያው ሰው መልሶ መጣ፤ ከመላው ውይይት ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ መልስ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው።

አንደኛው በእጅ ሳይገፉ ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ነው። ቀስ ብሎ የሚለውን አጠንክሮታል፤ ዘፍ የሚል ሰው ጭኑን አልሠራም። ሌላው አንዱን ተረከዝ ከሌላኛው እግር ጣት ፊት አድርጎ በአንድ መስመር መቆም ነው፤ ጣት ግድግዳውን ለመንካት በሚያስችል ርቀት። ወደ ጎን መራመድ አለ፤ ቆሞ ራቅ ያለ ነገር ለመያዝ መንጠራራት አለ። ልምምዱ ሲቀል እንዲከብድ ይደረጋል፤ ይኸውም በሁለት እጅ ከመያዝ ወደ አንድ እጅ፣ ከአንድ እጅ ወደ አንድ ጣት፣ ከዚያ ወደ ምንም። ምንም የማያወላውል ሰው ልምምዱ ቀሎታል ማለት ነው፤ የሚወድቅ ሰው ደግሞ ከብዶታል። የባለሙያው ዋና ሥራ በነዚህ ሁለት መካከል ያለውን ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው መፈለግ ነው። ቅዳሜ የምትመጣው ፊዚዮቴራፒስትም የምትሠራው ይህንን ነው።

መለኪያም ሰጠን። የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይቀመጣል፤ ከሱ 3 ሜትር ርቆ ወለሉ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሰውየው ይነሳል፣ ምልክቱ ጋ ደርሶ ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህ ፈተና ከ1991 ጀምሮ ይሠራበታል፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበት አዛውንት የመውደቅ ስጋት ካለባቸው ይቆጠራል። ማታውኑ ሳሎን ውስጥ ፕላስተር ለጥፌ አባቴን በስልኬ ሰዓት ያዝኩላቸው። 16 ሰከንድ ፈጀባቸው። ከሰከንዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን አዟዟራቸው ነው። ቀጥ ብለው ሲሄዱ ምንም አይሉም፤ ምልክቱ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ትንንሽ እርምጃ ይረግጣሉ፤ ዓይናቸው ወለሉ ላይ፣ ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ የሌለ ግድግዳ ይፈልጋል። የወደቁትም ሌሊት ከሽንት ቤቱ በር ሲዞሩ ነበር። እኔ ድነዋል ብዬ ነበር እኮ።

6ኛው ጸሐፊ የቁጥር 3ን አኃዝ አረመ። 23 ከመቶ የተባለው የመውደቁ ብዛት እንጂ የሚወድቁት ሰዎች ብዛት አይደለም፤ ቢያንስ አንዴ የሚወድቁ ሰዎች ቁጥር የቀነሰው በ15 ከመቶ ነው። ከ100 ሰው 23ቱ ከእንግዲህ አይወድቁም ብሎ ለሰው ማውራት ስህተት ነው። የሙያው ሰው እርማቱን አመስግኖ ተቀበለ። ደስ ያለኝ ልውውጥ ነው።

7 እና 8፦ መጠበቂያ ክፍሉ

7ኛው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተተካለት ወጣት ኳስ ተጫዋች ነው። ስለ አዛውንቶች የሚለው አልነበረውም። ነገር ግን በስድስተኛው ወር ጉልበቱ ምንም ስላላመመው ወደ ሜዳ ሊመለስ ተነስቶ ነበር፤ ያስቆመው መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ፣ ያንኑ ጅማት ለሁለተኛ ጊዜ የበጠሰ ልጅ ነው። ከ9 ወር በፊት መመለስ ዳግም ጉዳትን እንደሚያበዛ ፊዚዮቴራፒስቱ ደጋግሞ ነግሮት ነበር፤ አልሰማም። የልጁን ሁለት ጠባሳ ሲያይ ሰማ። በአጭሩ የጻፈው ይህ ነው፤ ለኔ ከሁለተኛው ጥያቄዬ መልስ ግማሹ እዚህ አለ።

8ኛዋ እናት ናት። ልጇ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመው ነው የተወለደው። የታከመው ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በተባለው ሐኪም ዘዴ ነው፤ እግሩን በየሳምንቱ በእጅ ጥቂት ጥቂት እያቀኑ በጀሶ ማሰር፣ ከዚያ ለብዙዎቹ ልጆች የተረከዝ ጅማትን በትንሹ መቁረጥ፣ በመጨረሻም በዘንግ የተያያዘ ጫማ ማድረግ። ጫማው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ። ጀሶው ላይ ክሊኒኩ ነበር። ጫማው ላይ ግን ሌሊት በ8 ሰዓት ልጁ ሲያለቅስ ብቻዋን ነበረች፤ እግሩ ቀጥ ብሏል፣ ደህና ነው፣ ላውልቅለት የሚል ሐሳብ በየሌሊቱ ይመጣባት ነበር። ጫማውን የሚተው ልጆች እግር መልሶ እንደሚቆለመም ታውቃለች። ያጸናት ክሊኒኩ ያገናኛቸው የእናቶች ቡድን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ እንደሚያልፍ፣ ካልሲው እንዳይሸበሸብ፣ ልጁን በጫማው እንዴት ታቅፎ ማጥባት እንደሚቻል ያሳየቻት አንዲት ቀድማት ያለፈች እናት ናት። አሁን እሷም ለሌሎች ታሳያለች። ለቁጥር 2 የጠቆመችው ነገር አለ፦ ይህ ቡድን ከባለሙያው ጊዜ አልወሰደም፤ የተበላሸ እግር እንደገና ጀሶ እንዳይገባ አድርጎ ጊዜ ቆጠበለት እንጂ።

ከ9 እስከ 13፦ ክንድ የጎተተው ሰው

ነገሩ የተለወጠው 9ኛው ላይ ነው። ባሏ ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ የደከመ ሴት ጻፈች። ክሊኒኩን አልጠቀሰችም፤ መጥቀስም አልፈለገችም። እንደ አባቴ ያለ፣ ልቡ ቀና የሆነ በጎ ፈቃደኛ ባሏን ከወንበር ሊያነሳ ብሎ የደከመውን ክንድ ይዞ ሳበው። ባለሙያዋ ክፍሉ ሌላ ጫፍ ላይ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትከሻው ለወራት አሠቃየው፤ በዚያ ጎን መተኛት አልቻለም፤ ሸሚዝ ስታለብሰው ይጮኽ ነበር። በጎ ፈቃድ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ እሷ አይታለች፤ ለእኔም የመከረችኝ አባቴ ማንንም እንዳይነኩ ነው። ሦስቴ አነበብኩት።

የሙያው ሰው በ10ኛው ላይ አልተከላከለም። መጀመሪያ ሐዘኑን ገለጸ፤ ቀጥሎ ምክንያቱን አብራራ። የትከሻን መገጣጠሚያ በቦታው የሚይዙት በአብዛኛው ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ ጡንቻዎቹን ሲያደክማቸው የክንዱ ክብደት ብቻውን አጥንቱን ወደ ታች ይስበዋል፤ በዚያ ላይ ሰው ሲጎትተው ይጎዳል። ስለዚህ የደከመ ክንድ አይጎተትም፣ በብብት ሥር ገብቶ ሰው አይነሳም፤ ሲቀመጡም ክንዱ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በትራስ ወይም በጠረጴዛ ይደገፋል። እሱ በሚሠራበት ቦታ ያለው ደንብ አጭር ነው፦ በጎ ፈቃደኛ ሰው አያነሳም፣ ሰው አያዛውርም፣ ልምምድ አይቀይርም፤ የሚወድቅ ካየ ወንበር ያቀርባል፣ ባለሙያ ይጠራል። ከዚያ የቀረው ሥራ ግን ብዙ ነው። ወንበር መደርደር፣ ምንጣፍ ማጽዳት፣ የመለጠጫ ላስቲኮቹን የተሰነጠቀ እንዳለ ማየት፣ መቁጠር፣ አዲስ ሰው በር ላይ ተቀብሎ ስሙን መያዝ፣ የቀረውን ደውሎ መጠየቅ።

ቁጥር 2 በ11ኛው ተመለሰና ውይይቱን አጋለው። የቁጥር 9ን ታሪክ ይዞ፣ ክሊኒኮች ለረዳት ሠራተኛ ላለመክፈል ነው በጎ ፈቃደኛ የሚሰበስቡት የሚል ክስ አቀረበ። 12ኛው ጸሐፊ፣ ራሱ ለዓመታት ያገለገለ ሰው፣ ቃሉን መቆጣጠር አቃተው። ቁጥር 2ን ስለ ራሱ ወገብ እንጂ ስለ ማንም የማይገደው ሰው አደረገው። ይህ አልነበረበትም፤ ክሱ ለክስ የሚበቃ መልስ ይገባው ነበር። ሰው በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ ባለሙያ ሳይቀጥሩ በጎ ፈቃደኛ የሚያቆሙ ቦታዎች ካሉ፣ የቁጥር 9 ባል የተጎዳው በዚያ ምክንያት ነው፤ ቁጥር 2 ሲናገረው ነገሩ ስላስከፋን ውሸት አይሆንም።

13ኛዋ ሁለቱንም አበረደች። በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው፣ በ2019 በዓለም ላይ 2.41 ቢሊዮን ሰው የተሃድሶ ሕክምና ቢያገኝ የሚጠቅመው የጤና ችግር ነበረበት፤ ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አልጋ ላይ አስተኝቶ የሚያክም በቂ ባለሙያ በየትም አገር የለም። ስለዚህ ቡድን ከተራው ሰልፍ የሚሰርቅ ሳይሆን ሰልፉን የሚያሳጥር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ይሠራልና። ግን ደግሞ ቁጥር 11 ያነሳው ደመወዝ ጉዳይ በየክሊኒኩ በግልጽ መጠየቅ አለበት አለች። ከዚህ በኋላ ቁጥር 2 ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ከ14 እስከ 16፦ ፎቶው

ይህን በአጭሩ ልለፈው። 14ኛዋ ክሊኒኩ የቡድኑን ፎቶ በማኅበራዊ ገጹ ላይ ሲለጥፍ እናቷን ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ፣ የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ እየታየ ስላገኘቻቸው ቅር ተሰኝታለች። 15ኛው ይህ ማስተዋወቅ ነው፣ ሌላው ሰው አይቶ እንዲመጣ ይረዳል ብሎ ተሟገተ። 16ኛው በአንድ መስመር ዘጋው፤ ታካሚው በጽሑፍ ካልፈቀደ ፎቶ አይወጣም፣ እምቢ ያለም ሰው ከቡድኑ አይጎድልበትም። ጨርሶ ልክ ነው።

ከ17 እስከ 21፦ ወገብ

አንዴ ወገብ ከተነሳ ማን ያቆመዋል። 17ኛው ስለ ራሱ ኤምአርአይ ጻፈ፤ ዲስኩ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) አርጅቷል ስለተባለ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አላነሳም ብሎ ወስኗል። 18ኛው ደግሞ የባሰ ምክር ሰጠው፦ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ተኛ፣ እንዳትንቀሳቀስ። 19ኛዋ እሷም እንዲያ አድርጋ ስትነሳ እግሮቿ እንደከዷት ተናገረች። 20ኛው በ2015 የወጣ ግምገማ አመጣ። ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው ሰዎች ፊልም ተነስተው፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 ከመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች 96 ከመቶው የዲስክ እርጅና ምልክት ታይቶባቸዋል። ፊልሙ ላይ የታየ ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይደለም።

የሙያው ሰው በ21ኛው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ፤ የተቆጣው በቁጥር 18 ነው። ለተለመደ የወገብ ሕመም ረጅም የአልጋ እረፍት እንደማይመከር፣ ሰውን እንደሚያደክምና ሕመሙን እንደሚያራዝም ከታወቀ ዘመናት አልፈዋል፤ የማያውቁትን መምከር ደግሞ ጉዳት ነው። ከዚያ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ጻፈ፤ እኔም እንደገና እጽፈዋለሁ። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ ሽንት አልወጣ ካለው፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘበት ወይም እግሩ እየደከመ ከሄደ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ቁጥር 18 ጽሑፉን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ።

22 እና 23

22ኛው በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 የሚከበረውን የዓለም የፊዚዮቴራፒ ቀን አስታወሰን። ቀኑ ከ1996 ጀምሮ ይከበራል፤ የተመረጠውም የዓለም ፊዚዮቴራፒ ማኅበር በ1951 የተመሠረተበት ቀን ስለሆነ ነው። ክሊኒኮች በዚያ ቀን በራቸውን ለአካባቢው ሰው ከፍተው የ3 ሜትሩን ፈተና ለአዛውንቶች በነጻ ቢሠሩ ብሎ ሐሳብ ሰጠ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን በዓመት አንድ ቀን ከሆነ ለአባቴ ዓይነት ሰው አይበቃም። 23ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነው፤ ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ጠየቀ።

24 እና 25

24ኛው ለቁጥር 9 ባል ብሎ፣ ስትሮክ ላይ ቶሎና ብዙ መንቀሳቀስ ሁልጊዜ ይሻላል የሚል ነገር ጻፈ። እኔ ራሴ በ25ኛው ላይ መለስኩለት፤ በአባቴ ምክንያት ብዙ አንብቤያለሁና። በ2015 የወጣው፣ 2,104 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ስትሮኩ ከመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ አውጥቶ በብዛትና በተደጋጋሚ ማንቀሳቀስን ከተለመደው እንክብካቤ ጋር አነጻጸረ። ከ3 ወር በኋላ ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙት በብዛት ከተንቀሳቀሱት 46 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 50 ከመቶ ነበሩ። መንቀሳቀስ መድኃኒት ነው፤ እንደ መድኃኒት ደግሞ መጠን አለው። መጠኑን የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በዚያው መልስ ውሳኔያችንን ነገርኳቸው። አባቴ ቅዳሜ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ቁጭ ብለን የቁጥር 9ን ታሪክ ነገርኳት። እሷም ማንንም እንዳይነኩ ፊት ለፊት ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ተስማሙ። መጀመሪያ ራሳቸው ይሠራሉ፤ መዞር ላይ ነው የምታተኩርባቸው። ሁለት ወንበር አራርቃ አስቀምጣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ታዞራቸዋለች፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል እያዩ።

ከዚያ ያግዛሉ። ባለፈው ቅዳሜ ደረጃው ሥር አንዲት ዳሌያቸው የተቀየረ እናት ቆመው አንዱን እግር አንስተው፣ መልሰው አውርደው፣ ሌላውን አንስተው፣ ግራ ገባቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ ከኋላቸው የወገብ ቀበቷቸውን ይዛለች። አባቴ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆሙ። ሲወጡ ደህናው እግር እንደሚቀድም፣ ሲወርዱ ደግሞ የታመመው ከምርኩዙ ጋር እንደሚቀድም በቃል ብቻ ነገሯቸው። ቃላቸው ባለሙያዋ ለእናቲቱ ከነገረቻቸው አልተለየም፤ የእናቲቱ ዓይን ግን አባቴ ላይ ነበር። የተሰበረ ዳሌ ይዘው ያንን ደረጃ የወጡ ሰው ናቸውና። ደህናውን እግር አስቀድመው አራቱንም ደረጃ ወጡ። ታላቅ ወንድሜም በር ላይ ቆሞ አየ። ምንም አላለም፤ ቀጣዩን ቅዳሜ ግን እኔ አደርሳቸዋለሁ ብሎ የመኪናውን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው።

26 እና 27

27ኛው ቁጥር 2 ነው። ቀጠሮው ደርሶ ታክሟል፤ ተራ ስላስጠበቁት ያለው ንዴት ግን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልጠየቅሁትም። የቁጥር 9 ባል ትከሻ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ፤ ስለ ቡድኑ ግን ያለውን አላነሳም።

26ኛውን ወደ ኋላ ያስቀረሁት መልስ ስላላገኘ ነው። የጻፈችው የአልጋ ቁራኛ የሆነች እህቷን የምታስታምም ሴት ናት። ይህ ሁሉ ወሬ ከቤት ለሚወጣ ሰው ነው፤ እህቷ ያለችው ደግሞ ደረጃው ከባድ የሆነ ፎቅ ላይ ነው፤ ለእሷ ዓይነት ሰው የትኛው ቡድን ነው የሚመጣው? ይህን ብላ ወጣች። ሦስት ሰው አዝኖ አለፈ፤ ምን ይደረግ ያለ ግን የለም።

እኔንም አልለቀቀኝም። በአባቴ ቡድን ውስጥ አራት ቅዳሜ መጥተው የቀሩ አንድ ሰው አሉ። ስልክ ደውሎ የመጠየቁ ሥራ የአባቴ ስለሆነ ደወሉላቸው። ያመላልሳቸው የነበረው ልጅ ሥራ ቀይሯል፤ ብቻቸውን ከቤታቸው ደረጃ መውረድ ይፈራሉ። አባቴ ወንበሩን ዛሬም ከሌሎቹ ጋር ደርድረውታል፤ ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀዱም። ፊዚዮቴራፒስቷ ቤት ለቤት መሄድ ትፈልጋለች፤ ከቀጠሮዎቿ መካከል የሚተርፍ ሰዓት ግን እስካሁን አላገኘችም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንደገና እከፍተዋለሁ። ክሊኒኩ መድረስ ለማይችል ሰው ክሊኒካችሁ ምን ያደርጋል? ቤት ድረስ የሚሄድ ባለሙያ ያላችሁ፣ ከባለሙያው ጋር ተራ ገብታችሁ ሰው የምታመላልሱ፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ አብራችሁ የምትሠሩ ካላችሁ እንዴት እንዳደራጃችሁት ጻፉልን። ማን ከማን ጋር ይሄዳል፣ ደረጃ ላይ ማን ይይዛል፣ ሰው ቢወድቅ ማን ይጠራል፤ ይህን ያህል ዘርዝራችሁ። ቁጥር 26 እንድታየው መልሱን ከሷ ጽሑፍ ሥር አድርጉት።